አፋኙ ፕሮቲን የሚያየው ነፃውን ብረት ብቻ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባክቴሪያ የብረት መጠኑን እንዴት እንደሚቆጣጠር በሳይንስ ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ በመሠረቱ ትክክል ነው። ብረት ሲበዛ ፉር የተባለው ፕሮቲን ብረቱን ይዞ ዲኤንኤ ላይ ያርፋል፤ ብረት አስገቢ ጂኖችም ይታፈናሉ። ጽሑፉ ግን «ሲበዛ» የሚለውን ሳያብራራ አልፎታል። በቤተ ሙከራ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚያው ላይ ነው።

ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ ያለው ፉር 148 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ የሚሠራውም ጥንድ ሆኖ ነው። የሚያርፍበት ቦታ 19 የዲኤንኤ ፊደላት ያህል ርዝመት አለው፤ የጂኑ ንባብ ከሚጀመርበት ጋር ስለሚደራረብ ፉር ከተቀመጠ ጂኑን የሚያነበው ኤንዛይም፣ አርኤንኤ ፖሊሜሬዝ፣ መግቢያ ያጣል። ፉር የሕዋሱን ጠቅላላ ብረት አይለካም። አብዛኛው ብረት በኤንዛይሞችና በማከማቻ ፕሮቲኖች ተይዟል፤ ፉርን የሚደርሰው ልል ሆኖ የሚዘዋወረው ባለ ሁለት ሙል ብረት (Fe²⁺) ብቻ ነው።

የዚንኩ አቻ፣ ዙር የተባለው ፕሮቲን፣ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ልኬት ዙር በፌምቶሞላር ደረጃ ላለ ነፃ ዚንክ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳየ። የኢ. ኮላይ ሕዋስ አንድ ፌምቶሊትር ያህል ይዘት ስላለው፣ ውስጡ አንድ ነጠላ አዮን ቢገኝ እንኳ መጠኑ ወደ 1.7 ናኖሞላር ይጠጋል፤ ይህም ከፌምቶሞላር ደረጃ በሚሊዮን እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ በሕዋሱ ውስጥ ነፃ ዚንክ የለም ማለት ይቻላል፤ አዮኑ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው በቀጥታ ይተላለፋል።

እንዲህ ያለ ስሜት ያለውን ፕሮቲን በቆሸሸ ብርጭቆ መፈተን ከንቱ ድካም ነው። ዕቃው በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ አድሮ እጅግ በተጣራ ውሃ ደጋግሞ መለቅለቅ አለበት። ኤልቢ የተባለው ማሳደጊያ ከእርሾና ከተፈጨ ፕሮቲን ስለሚሠራ የብረት ይዘቱ ከዕሽግ ዕሽግ ይለያያል። ብረት ለማሳጣት ብረትን የሚይዘውን ኬሚካል ዳይፒሪዲልን በ200 ማይክሮሞላር ገደማ መጨመር የተለመደ ነው። ሌላው ማዕድን ያዥ ኬሚካል ኢዲቲኤ ግን ካልሲየምና ማግኒዚየምንም ስለሚለቅም ሕዋሱ በሌላ ምክንያት ይጎዳል፤ ውጤቱም በስህተት ለብረት እጥረት ይሰጣል።

ፕሮቲኑ ዲኤንኤውን መያዙን በጄል (ፕሮቲን የያዘው ዲኤንኤ ከነፃው ቀስ ብሎ በሚጓዝበት) ሲያዩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ባለ ሁለት ሙል ብረት በአየር ቶሎ ስለሚዝግ ብዙዎች በምትኩ ማንጋኒዝ፣ አዘውትረው 100 ማይክሮሞላር፣ ይጠቀማሉ። ይህ ያስኬዳል። የተለመደው የጄል ባፈር (ጄሉ የሚሮጥበት ፈሳሽ) ግን ኢዲቲኤ አለበት፤ ጄሉ ሲሮጥ ማዕድኑን ይነጥቀዋል፣ ደህናውም ፕሮቲን «አይሠራም» ተብሎ ይጣላል። ባፈሩ ያለ ኢዲቲኤ መዘጋጀት፣ ማዕድኑም በጄሉና በባፈሩ ውስጥ መኖር አለበት። ኢዲቲኤ ሆን ተብሎ በአንድ ረድፍ ናሙና ላይ ብቻ ይጨመር፤ እዚያ መያያዙ ከጠፋ ማዕድኑ አስፈላጊ ነበር ማለት ነው። ፕሮቲኑ በኒኬል አምድ የተጣራ ከሆነ ደግሞ ኒኬሉን እንዲይዝ የተቀጠለለት የሂስቲዲን ጭራ ማዕድን ስለሚይዝ ተቆርጦ ቢወገድ ይመረጣል።

ማንጋኒዝ ፉርን የሚያታልለው በቱቦ ውስጥ ብቻ አይደለም። ማንጋኒዝ በበዛበት ሳህን ላይ ፉር ብረት የበዛ መስሎት በሮቹን ይዘጋል፣ ሕዋሱም ይራባል። በዚያ የሚተርፉት ብዙ ጊዜ የፉር ጂናቸው የተበላሸ ነው፤ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ፉር የሌላቸውን ዝርያዎች ለመምረጥ ይጠቀሙበታል።

በሥዕላችሁ ላይ ማዕድን ሁሉ አፋኙን ወደ ዲኤንኤ እንደሚያመጣ መታየቱ ግን መታረም አለበት። አርሴኒክን የሚያውቀው አርስአር ተቃራኒውን ያደርጋል፤ አርሴኒክ ሲይዝ ከዲኤንኤው ይለቃል፣ አስወጪው ፓምፕም ይሠራል። ፉር «ያበራቸዋል» የሚባሉ ጂኖችም ቢሆኑ ብዙዎቹ የሚበሩት በተዘዋዋሪ ነው፦ ፉር ሪህቢ የተባለውን ትንሽ አርኤንኤ ያፍናል፣ ሪህቢ ደግሞ የእነዚያን ጂኖች መልእክተኛ አርኤንኤ የሚያስፈርስ ነው።

ጉዳዩ ከምርምር ክፍል ውጭም ይደርሳል። የዲፍቴሪያን መርዝ የሚሠራው ጂን በቫይረስ የመጣ ቢሆንም፣ የሚያፍነው የባክቴሪያው የራሱ ፕሮቲን ዲቲኤክስአር ነው፤ አፈናውም የሚነሳው ብረት ሲያንስ ነው። ባክቴሪያው መርዝ ማመንጨቱ በሳህን ላይ በሚወጣ መስመር በሚለይበት የኤሌክ ምርመራ፣ ሳህኑ ብረት ከበዛበት መርዘኛ ዝርያ እንኳ መስመር ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ «መርዝ የለም» የሚለው ውጤት የሚታመነው፣ መርዝ ማመንጨቱ የታወቀ ዝርያ በዚያው ሳህን ላይ መስመሩን ካሳየ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የባክቴሪያ ጄኔቲክስ ባለሙያዎች