በር ጀርባ የተሰቀለው በሶ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከድሬዳዋ ነው የምጽፍላችሁ። ባለፈው ሳምንት ከከፊራ ገበያ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ስልካቸው ላይ የጦርነት ቪዲዮ እያዩ ነበር። አንደኛው "አቦ፣ አንዴ ይለይለትና እንረፍ!" አለ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ስወርድ ዘንቢሌን ተሸክሞ ያወረደልኝ እሱ ነው። ግን ያቺ "ይለይለት" እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

በ1969 ክረምት የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገብቶ፣ የባቡሩ ድልድዮች ፈንድተው፣ በነሐሴ ውጊያው ድሬ ድረስ መጣ። ስንት ታንክ እንደነበር ወታደሮቹ ይንገሯችሁ። እኔ የማስታውሰው ሙቀቱን ነው። ድሬን የሚያውቅ ያውቃል፣ ሲሞቅ አልጋ ግቢ ወጥቶ ሰማይ እያዩ ነው የሚተኛው። ያን ሰሞን ግን እማዬ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍና፣ ኩራዙን አጥፍታ፣ አራታችንንም አልጋ ስር አስገባችን። ላብ በላብ ሆነን አንዲት ጣሳ ውሃ እንቀባበላለን። መድፉ ሲጮህ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ታናሽ እህቴ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ "ዝናብ ነው አይደል?" ስትል፣ እማዬ "አዎ የኔ ልጅ፣ ዝናብ ነው" ትላታለች።

ከተማዋ አልተያዘችም። ግን የግመል ወተት ታመጣልን የነበረችው ሶማሌ ጎረቤታችን ከዚያ በኋላ በራችንን ማንኳኳት ተወች። ምን አደረገች? ምንም። ልጆቿ ከኛ ጋር አንድ ትሪ ላይ በልተው ያደጉ ናቸው። ሰው በክፉ ዓይን ያያት ጀመር፣ እሷም ፈራች። አንድ ቀን እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ባዶ ጣሳ ይዛ ራሷ ቤቷ ሄደች። ተከትያት ሄጄ ነበርና ሁለቱ ተቃቅፈው ሲላቀሱ በር ላይ ቆሜ አየሁ። በማግስቱ ወተቱ መጣ።

ደግሞ ያ በሶ አለ። እማዬ ድንገት ብንሸሽ ብላ በሶ በጨርቅ ከረጢት ቋጥራ በር ጀርባ ሰቀለች። ጦርነቱ አለቀ፣ ደርግ ወደቀ፣ እኔም አግብቼ ወለድኩ፣ ከረጢቱ ግን ከቦታው አልተነሳም። ስንጠይቃት "ተዉት" ብቻ ነው መልሷ። ከሞተች በኋላ ዕቃዋን ስናነሳ አውርጄ ፈታሁት። በሶው ገና አዲስ ነበር። ለካ እየቀያየረች ታስቀምጥ ነበር፣ ያን ሁሉ ዓመት!

የካራማራን ድል የካቲት 26 እናስባለን፣ ማሰብም ይገባናል፣ እነዚያ ወታደሮች በ1970 ጅጅጋን ያስመለሱት በደማቸው ነው። ነገር ግን አልጋ ስር የነበርነውን፣ ወተት ሻጯን፣ ባቡሩ ሲቆም እንጀራው የተቋረጠበትን የመጋላ ተሸካሚ የሚያስብ ቀን የለም። ልጆቻችን ጦርነትን በስልክ ብቻ ቢያውቁት ምን ይገርማል? እኛ ነን ያልነገርናቸው። እኔ ራሴ ለልጆቼ የከረጢቱን ታሪክ የነገርኳቸው እማዬን ከቀበርን በኋላ ነው፣ ይቆጨኛል።

ትናንት ማታ ሙቀቱ አላስተኛ ሲለን አልጋውን ግቢ አወጣን። የልጅ ልጄ አጠገቤ ጋደም ብሎ ኮከብ ሲቆጥር እንቅልፍ ወሰደው። ሩቅ ውሻ ይጮሃል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ሌላ ድምፅ የለም። እኔ ግን ሳልተኛ ብዙ ቆየሁ፣ ያቺን አንዲት ጣሳ ውሃ እያሰብኩ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከጋዜጣችሁ ላይ ትንሽ ቦታ ለተራው ሰው ትዝታ ስጡልን። ያኔ ትልቅ የነበሩት ሰዎች አሁን 80ን እያለፉ ነው፣ በየወሩ ለቅሶ እየደረስን ነው። በኛ ሰፈር ብቻ አፍ አውጥተው ሊያወሩ የሚችሉ አራት እናቶች አሉ፣ አንዷ ያቺ ወተት ታመጣልን የነበረችው ናት። ሪፖርተር ላኩልን። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ እነሱንም እኔ እሰበስባቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከድሬዳዋ