በር ላይ ለቀረችው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽን ጉልበቷን ብርድ ያስቸግራታል እንጂ ቤቱ ሰላም ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚያ ህንድ አገር ከቡባነሽዋር ፑሪ ከተማ ድረስ በአውቶቡስ ሄደሽ፣ ጓደኞችሽ ወደ ሂንዱዎች አምላክ ወደ ጃጋናት ቤተ መቅደስ ሲዘልቁ አንቺ «ሂንዱ ላልሆነ አይፈቀድም» ተብለሽ የስድስት ሰው ጫማ ስትጠብቂ ፀሐይ ላይ መዋልሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። «ንቀውኝ ነው» ያልሽው ጋ ስደርስ ግን ሳቄን ዋጥኩት።

እኔም እዚያው የአንበሳ በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። በ1977 ዓ.ም. ሰኔ ነበር፤ እንዳንቺ ተማሪ ነበርኩ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የፑሪ ልጅ ነበርና ራት ያትራ ለሚሉት የጃጋናት የሠረገላ በዓል ወደ እናቱ ቤት ይዞኝ ሄደ። ዘበኛው በመዳፉ ደረቴን ገታ አድርጎ መለሰኝ። ፊቴ ሲለዋወጥ ጓደኛዬ አይቶ «ባለፈው ዓመት ኢንዲራ ጋንዲንም አላስገቡም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ፓርሲ፣ ማለት የዞራስተር እምነት ተከታይ፣ አግብታለች ተብሎ ተከልክላ፣ ከፊት ለፊት ከነበረው ቤተ መጻሕፍት ሆና አይታ ተመልሳለች። አገር የምትመራ ሴት ከተመለሰች እኔ ማን ነኝ ብዬ ተጽናናሁ። ለመሆኑ አንቺስ የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ውስጥ ምን እንዳለ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከቅድስት አልፈሽ አታውቂም፤ ንቀውኝ ነው ብለሽም አታውቂም።

ያመለጠሽ ነገር ደግሞ እዚያው አጠገብሽ ነበር። በበሩ መግቢያ ላይ፣ ከመንገድ ሆኖ እንዲታይ የተቀመጠ የጃጋናት ምስል አለ። ፓቲታፓባና ይሉታል፤ የወደቁትን የሚያነጻ ማለት ነው። ለምን እንደተቀመጠ ጓደኞችሽን ጠይቂያቸው፤ መግባት ለማይፈቀድለት ሰው ነው። ጀርባሽን ሰጥተሽው ጫማ ስትቆጥሪ ውለሻል ማለት ነው።

የምስሎቹን ሥዕል ሱቁ ሁሉ ስለሚሰቅለው ሳታዪው አልቀረሽም። ጃጋናት፣ ወንድሙ ባላባድራና እኅታቸው ሱባድራ፣ ሦስቱም ከእንጨት የተሠሩ ናቸው። የእጅ ጣት የላቸውም፤ የጃጋናት ዓይን ደግሞ እንደ ሰፌድ ክብ ነው። ልጅ የሣለው ይመስላል ብዬ ልናገር ስል የጓደኛዬ እናት ቀደሙኝና ታሪኩን ነገሩኝ። ንጉሥ ኢንድራድዩምና ባሕር የተፋውን ግንድ አገኘ፤ የሚጠርበው ግን ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ አናጺ መጣና «21 ቀን በር ዘግታችሁ ተዉኝ፤ ማንም እንዳይከፍት» አለ። መዶሻው ሲሰማ ሰነበተ። አንድ ቀን ድምፁ ጠፋ። ንግሥት ጉንዲቻ «ሽማግሌው በረሃብ ሞቶ ይሆናል» ብላ ንጉሡን ወተወተችው፤ በሩ ተከፈተ። አናጺው የለም፤ ምስሎቹ በጅምር ቀርተዋል። ጠራቢው የአማልክት አናጺ ቪሽዋካርማ ነበር ይላሉ። እኛም ላሊበላን ሰው ቀን ሲያንጽ መላእክት ሌሊት ያንጹ ነበር ስለምንል ዝም ብዬ ሰማሁ። አሁን ያለውን ቤተ መቅደስ በ12ኛው መቶ ዘመን ማሠራት የጀመረው አናንታቫርማን ቾዳጋንጋ የተባለ ንጉሥ ነው፤ ከእኛ ላሊበላ ዘመን ብዙም አይርቅም።

እንጨት ነውና ያረጃል። ስለዚህ ከ8 እስከ 19 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከኒም ዛፍ አዲስ ምስሎች ይቀረጻሉ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚተላለፍ አንድ ነገር አለ፤ ቄሱ ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ፣ እጁም ተጠቅልሎ በሌሊት ያዛውረዋል። ያዛወረው ቄስ እንኳ አላየውም። እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ ምስሎች ተቀርጸዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የወደድኩት ግን ሕመሙን ነው። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ሦስቱን አውጥተው በ108 ማሰሮ ውኃ ያጥቧቸዋል። ከዚያ ብርድ ይመታቸዋል። አዎ፣ አምላኩን ያተኩሰዋል! ከሰው ዓይን ተሰውሮ ይተኛል፤ የሥርና የቅጠል መድኃኒት ይሰጡታል። ሲያገግም ወደ አደባባይ ይወጣል።

ሲወጣ ማየት ነው እንግዲህ። የጃጋናት ሠረገላ 16 መንኰራኵር አለው፤ ቁመቱ ከ13 ሜትር ይበልጣል፤ በየዓመቱም አዲስ ይሠራል። ንጉሡ፣ ዛሬ ሥልጣን የሌለው የፑሪ ንጉሥ፣ እጀታው ወርቅ በሆነ መጥረጊያ የሠረገላውን ወለል ይጠርጋል። ከዚያ ሕዝቡ ገመዱን ይይዛል። ገመዱ ክንዴን ያህል ወፍራም ነበር፤ ላብና ዝናብ አርሶት መዳፌን ላጠው። እንጨቱ ሲያቃስት ከመሬት ጀምሮ እስከ ጉልበቴ ይሰማኝ ነበር። ሂንዱ ነህ ወይ ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚያበቃውም በዚያች በር ባስከፈተችው ንግሥት ስም በሚጠራው ቤተ መቅደስ ነው። ጥምቀት ትዝ አለኝ፤ የእኛው ታቦት ተሸፍኖ ይወጣል፣ የእነሱ ግን ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ። እኔ አላመልከውም፤ ገመዱን ግን ጎትቻለሁ፣ ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ።

መሐል መንገድ ላይ ሠረገላው ቆመ። ተበላሸ ብዬ ነበር። ለካ የሳላቤጋ መቃብር ጋ ደርሰናል። ሳላቤጋ አባቱ እስላም፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረ ባለቅኔ ነው፤ ለጃጋናት ሲዘምር ኖሮ ቤተ መቅደሱን ሳይረግጥ ሞተ። አንድ ዓመት ሩቅ አገር ታምሞ «እስክደርስ ጠብቀኝ» ብሎ ቢለምን፣ ሠረገላው ቢጎትቱት ቢጎትቱት አልነቃነቅ ብሎ ጠበቀው ይላሉ። እስከ ዛሬ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ጓደኛዬ ይህን ሲነግረኝ የዘበኛው መዳፍ ከደረቴ ላይ የተነሣ መሰለኝ።

ማታ እናቱ ከቤተ መቅደሱ ማሃፕራሳድ አምጥተው በቅጠል ላይ ዘረጉልኝ። በሸክላ ድስት፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ በእንጨት እሳት የሚበስል ሩዝና ምስር ነው፤ ሽንኩርት የለው፣ ነጭ ሽንኩርት የለው፣ ድንችና ቲማቲም እንኳ አይገባበትም። ለምስል የቀረበ ምግብ እንዴት እበላለሁ? እምቢ ብላቸውስ? የሐዋርያት ጾም ላይ ነበርንና «ቅቤ አለበት፤ ጾመኛ ነኝ» አልኳቸው። ሴትየዋ ፊታቸው በራ፤ እሳቸው ራሳቸው ጾም ወዳድ ነበሩ። ሙዝና ኮኮናት አቀረቡልኝ።

ጃጋናት ሚስቱን ላክሽሚን ቤት ትቶ ሰንብቶ ሲመለስ በር ትዘጋበታለች፤ ራስጉላ በሚሉት ጣፋጭ ያባብላታል። ለእናትሽ ነገርኳት፤ «በጣፋጭ ብቻ?» አለች።

ለራት ያትራ እዚያው ካለሽ ሂጂ። መንኰራኵሩ አጠገብ ግን አትጠጊ፤ የሰው ማዕበል ነው፣ ሰውም ተረጋግጦ ሞቶበታል። ውኃ ያዢ። ገመዱን ለመንካት ከወጣሽ ጫማሽን ለእነዚያ ስድስቱ ስጫቸው፤ ተራው የእነሱ ነው።

አባትሽ