ክሊፕ ሲተነተን ሰሙም ወርቁም ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

የኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ አዳዲስ የሙዚቃ ክሊፖችን መዳሰስ መጀመሩ ደግ ነገር ነው። ዳሰሳዎቹ ግን በአብዛኛው «ማራኪ ቀረጻ»፣ «ውብ ቦታ»፣ «የተዋጣለት ዝግጅት» በሚሉ ቃላት ተጀምረው በእነዚሁ ቃላት ያልቃሉ። ክሊፑ ፋሲል ግንብ ፊት የተቀረጸ ከሆነማ «የጎንደርን ታሪክ ያስተዋወቀ» የሚል ይጨመርበታል። አንባቢ ከዚህ ምን ይይዛል? ክሊፕ በሙያ የሚሠራ ነገር ነው፤ ስለዚህ በሙያ ሊነበብም ይገባዋል። የማንበቢያው መንገድ በሚዲያ ትምህርት ውስጥ አለ፤ ለእኛ ዘፈን ግን እንዳለ ተገልብጦ አይሆንም፤ አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል።

በክሊፕ ትንተና ተደጋግመው የሚጠቀሱት የሙዚቃ ቪዲዮ አጥኚው አንድሪው ጉድዊን እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረባቸው መለያዎች ናቸው። ክሊፑ የዘውጉን ምልክቶች መያዙን፣ ምስሉ ከግጥሙ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ ከዜማውና ከምቱ ጋር እንዴት እንደሚሄድ፣ አሳታሚው ኩባንያ የሚፈልገው የድምፃዊው ፊት ምን ያህል በቅርብ እንደሚታይ፣ ማን ማንን እንደሚመለከት፣ ክሊፑ የትኛውን የቀድሞ ሥራ እንደሚያስታውስ መጠየቅ ነው። ሰውየው ያጠናው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1981 ሥርጭት የጀመረውን የሙዚቃ ቪዲዮ ጣቢያ፣ የኤም ቲቪን ዘመን ነው። ይህን ማስታወስ ይጠቅማል፤ መለያዎቹ የተቀዱት በኩባንያ ከሚሸጥ ሙዚቃ እንጂ ከአዝማሪ ቤት አይደለምና።

ሥራው የሚጀመረው ድምፅ በማጥፋት ነው። ዜማው የልብን ስሜት አስቀድሞ ስለሚይዘው፣ ድምፁ ካልጠፋ ተመልካች ያላየውን ያየ ይመስለዋል፤ ባዶ መንገድ በትዝታ ቅኝት ታጅቦ ሲመጣ ናፍቆት ይሆናል፣ ያለ ድምፅ ግን ባዶ መንገድ ነው። በመጀመሪያው ዙር የሚታየው ብቻ ይጻፋል፤ ሰው፣ ቦታ፣ ልብስ፣ ብርሃን፣ የካሜራው ርቀት። በሁለተኛው ዙር ዓይንን ጨፍኖ መስማት ነው፤ መግቢያው፣ ስንኙ፣ አዝማቹ፣ የመሣሪያ መሸጋገሪያው በስንተኛው ሰከንድ ገብቶ በስንተኛው እንደሚወጣ ይመዘገባል። ሁለቱ ዝርዝሮች ጎን ለጎን የሚቀመጡት በሦስተኛው ዙር ነው። በኮምፒውተር የሚያይ ሰው ዩቲዩብን አቁሞ የነጥብን ቁልፍ ሲጫን አንድ ፍሬም (አንድ ነጠላ ምስል) ወደ ፊት፣ የኮማን ቁልፍ ሲጫን አንድ ፍሬም ወደ ኋላ ይሄድለታል። በስልክ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 0.25 ማውረድ ይበቃል።

ሾቶቹን፣ ማለትም ከአንድ ቁርጥ እስከ ሌላው ቁርጥ ያሉትን ምስሎች፣ መቁጠር ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ነው፤ የሚቆጥሩትም አብዛኛውን ጊዜ በአማካይ ይሳሳታሉ። የ4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ክሊፕ 270 ሰከንድ ነው። 90 ሾት ካለው እያንዳንዱ በአማካይ 3 ሰከንድ ይቆያል፤ ሲሉት መካከለኛ ፍጥነት ያለው ይመስላል። ነገር ግን በመካከሉ ያለው የ40 ሰከንድ ጭፈራ ብቻውን 40 ሾት ወስዶ ከሆነ፣ የቀረው 230 ሰከንድ በ50 ሾት ተሠርቷል ማለት ነው፤ አንዱ 4.6 ሰከንድ። እንግዲህ ክሊፑ መካከለኛ አይደለም፤ በዝግታ የሚተርክ፣ ጭፈራው ሲመጣ የሚፈነዳ ነው። ስለዚህ ለስንኝ፣ ለአዝማችና ለመሸጋገሪያ ለየብቻ ይቆጠር።

አሁን ወደ ጎደለው ነገር ልምጣ። ጉድዊን ግጥምና ምስል የሚገናኙበትን መንገድ በሦስት ይከፍለዋል። ምስሉ የተባለውን እንዳለ ያሳያል፤ ወይም ያልተባለ ጨምሮ ያጎላዋል፤ ወይም ከተባለው ይርቃል፣ ይቃረነዋል። አንድ ትርጉም ላለው ግጥም ይህ ይሠራል። የእኛ ግጥም ግን ሰምና ወርቅ ነው። «ሁሉ ተሟላልኝ፣ ልብስ ግን የለኝም» የሚል ስንኝ እናስብ፤ ለማብራሪያ የተበጀ እንጂ ከዘፈን የተወሰደ አይደለም። ሰሙ የሚለብሰው ያጣ ሰው ነው። ወርቁ ቃሉ ሲከፈል ይወጣል፤ «ልብ-ስ ግን የለኝም»፣ ልብማ ሌላ ጋ ቀርቷል ነው።

ይህን ስንኝ ሦስት ዳይሬክተሮች ቢቀርጹት እንዲህ ሊሆን ይችላል። አንዱ የተቀደደ ጋቢ የለበሰ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያሳያል። በጉድዊን ሚዛን ምስሉ ከግጥሙ ጋር ፍጹም ገጥሟል፤ ወርቁ ግን ሞቷል፣ ተመልካቹ ጨርቅ በእጁ ተሰጥቶት ከጨርቅ በላይ አይፈልግም። ሌላው በአሸዋ ላይ የልብ ቅርጽ ይስላል፤ እሱም ወርቁን ሳይቆፈር አውጥቶ በመንገድ አስጥቶታል። ሦስተኛው አዲስ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ፊት ብቻውን ተቀምጦ ሲቆዝም ያሳያል። በጉድዊን ሠንጠረዥ ይህ «ተቃርኖ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሰውየው ልብስ የለኝም እያለ ለብሷልና። ቅኔ የሚያውቅ ተመልካች ግን ምስሉ ሰሙን ስለካደ ወርቁን ይፈልጋል፣ ያገኘዋልም። ተቃርኖ የተባለው ወርቁን ያጎላው ነው። ከሦስቱ የተዋጣለት ይኸኛው ሆኖ ሳለ፣ የውጩን ሚዛን ብቻ የያዘ ሐያሲ ዳይሬክተሩን «ግጥሙን አልተረዳውም» ብሎ ሊወቅሰው ይችላል። ይህ ስሕተት በሕትመትም በሬዲዮም ሲፈጸም ይሰማል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር። ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሰምና ወርቁን አጣምሮ የያዘ ቃል፣ ያለበት እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ጊዜ ይመዘን፤ አንዴ ምስሉ ከሰሙ ጋር፣ አንዴ ከወርቁ ጋር። ጊዜውም ይመዝገብ። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው ደግሞ ይለዋል፤ ያቺ ድግግሞሽ ለሰሚው ቃሉን መፍቻ ፋታ ናት። በክሊፕም ስንኙ በመጀመሪያ ሲባል ካሜራው ፊት ላይ ቆይቶ፣ ሲደገም ወርቁ ያለበት ምስል ቢመጣ ፋታው ይከበራል። ምስሉ ከቃሉ ቀድሞ ከመጣ ግን ተመልካቹ እንቆቅልሹን ከመስማቱ በፊት መልሱን አይቷል።

ከምቱ ጋር ያለው ግንኙነትም እንዲሁ የራሱ ጉድ አለው። ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ነው፤ ሁለት ትልልቅ ምቶች፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ትንንሽ ምት የያዙ። በሰከንድ 25 ፍሬም በተቀረጸ ክሊፕ አንድ ፍሬም 0.04 ሰከንድ ነው። ትንሿ ምት 4 ፍሬም ብትወስድ ትልቁ ምት 12 ፍሬም፣ ማለትም 0.48 ሰከንድ ይሆናል፤ በደቂቃ 125 ምት። ኤዲተሩ ይህን ሳይለካ የመቁረጫ ምልክቱን በለመደው 120 ላይ ካሰረው በእያንዳንዱ ምት 0.02 ሰከንድ ይዘገያል። ከ12 ምት በኋላ፣ ወደ 6 ሰከንድ ገደማ ሲደርስ፣ ግማሽ ምት ስቷል፤ ትከሻው ሲወድቅ መቆረጥ የነበረበት ትከሻው አየር ላይ ሳለ ይቆረጣል። ተመልካቹ ምክንያቱን አያውቅም፤ «ጭፈራው ደከመ» ይላል። ጨፋሪዋ አልደከመችም። እስክስታን በዝግታ ማሳየትም ተመሳሳይ ጉዳት አለው። በ50 ፍሬም ተቀርጾ በ25 የሚታይ ምስል ጊዜውን በእጥፍ ስለሚያረዝመው የትከሻው ምት ይሟሟል። ዘፋኙ በዝግታው ምስል ውስጥ አፉ ከድምፁ ጋር እንዲገጥም ዘፈኑ በቀረጻ ወቅት በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቅለታል። ይህ መደረጉን ለማወቅ ከንፈሩን ሳይሆን የነጠላውን ጫፍ ማየት ነው፤ አፍ ከዜማው ጋር እየሄደ ጨርቅ በአየር ላይ ከዋኘ፣ ዘዴው ይህ ነው።

መሣሪያውንም አትዝለሉ። ማሲንቆ አንድ ጭራ፣ አንድ ደጋን ነው፤ የደጋኑ መሄድና መመለስ ከሚሰማው ድምፅ ጋር መግጠሙ በዓይን ይታያል። ክራር ታቅፎ ማሲንቆ የሚሰማበት፣ ወይም ማሲንቆ ይዞ የኪቦርድ ድምፅ የሚወጣበት ክሊፕ ብዙ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ለጌጥ የቆመ የዘውግ ምልክት መሆኑ በትንተናው ይጻፍ።

ስለ እይታ ሲነሳ የፊልም ተመራማሪዋ ሎራ መልቪ እ.ኤ.አ. በ1975 የጻፈችው መነሻ ይሆናል፤ ካሜራው በወንድ ዓይን ቆሞ ሴትን የሚታይ ነገር ያደርጋታል የሚለው። ይህም በቁጥር ይፈተናል። ሴቲቱ ፊቷ ሳይኖር በገላዋ ክፍል ብቻ የታየችባቸው ሾቶች ስንት ናቸው? ወንዱስ? እሷ የምትመለከተው ነገር ከእሷ ሾት ቀጥሎ ይታያል ወይስ መታየት ብቻ ነው ድርሻዋ? እስክስታ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጭፈራው ያለው በትከሻ፣ በአንገትና በደረት ስለሆነ ካሜራው እዚያ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። መለያው ራስ ነው። ከወገብ በላይ ይዞ አንገትንና ፊትን የጨመረ ሾት ጭፈራውን ይመዘግባል፤ ራስን ቆርጦ ደረት ላይ የቆመ ሾት ግን ጭፈራውን ራሱን አጥፍቶታል፤ እስክስታ ያለ አንገት የለም። ድምፃዊው ካሜራውን በቀጥታ ማየቱን ደግሞ የውጩ ንባብ ለሽያጭ የተሠራ ማባበያ ያደርገዋል። በእኛ አገር ግን አዝማሪ ሰውን ፊት ለፊት እያየ፣ እያሞገሰ፣ እየነካካ ነው የሚዘፍነው። ሌንሱ የእንግዳውን ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ ይህ መታሰብ አለበት።

የጎንደርን ቦታዎች በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበው ፋሲል ግቢ አንድ ግንብ አይደለም። 900 ሜትር በሚረዝም አጥር ውስጥ የአፄ ፋሲል፣ የታላቁ ኢያሱ፣ የበካፋ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ሕንፃዎች አሉ፤ የሣልሳዊ ዳዊት የዘፈን ቤት የሚባለው አዳራሽም አለ። ስለ ዘፈን የሚናገር ክሊፕ የዘፈኑን ቤት ትቶ ድሮኑን በፋሲል ግንብ ዙሪያ ብቻ ሲያዞር፣ ቦታው የተመረጠው ለትርጉም ሳይሆን ለመታወቂያ መሆኑ ይታወቃል። ሌላው የአፄ ፋሲል የመዋኛ ገንዳ ነው። ገንዳው በቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። የጥር 11ን ሕዝብ ከፋይል ወስዶ ደረቁ ገንዳ ዳር ከተቀረጸ ድምፃዊ ጋር እንደ አንድ ቀን የሚቀጥል ክሊፕ፣ የከተማውን ሰው በአንድ ሾት ያጣዋል። የባህል ጥናት ምሁሩ ስቱዋርት ሆል እንደሚለው መልእክት እንደ ተቀባዩ ይፈታል፤ ውጭ አገር ያለው ወገን ግንቡን በናፍቆት ያያል፣ የጎንደር አራዳ ነዋሪ ገንዳው መድረቁን ያያል፤ ሁለቱም አልዋሹም።

የኩባንያው ፍላጎት የሚለው መለያ ደግሞ እዚህ መልኩን ቀይሯል። በክሊፑ መጨረሻ የሚመጣውን የምስጋና ዝርዝር አንብቡ፤ ሆቴሉ፣ የልብስ ቤቱ፣ መኪና ያዋሰው ሰው እዚያ አሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ የሆቴሉ በር በስንት ሾት፣ ለስንት ሰከንድ እንደታየ መቁጠር ነው። ፍቅረኞቹ ለምን ሁልጊዜ አንድ አዳራሽ ውስጥ እንደሚጣሉ ያኔ ይገባል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ዓምዳችሁ በሚቀጥለው ክሊፕ ላይ ሲጽፍ የዳይሬክተሩን፣ የካሜራ ባለሙያውን፣ የኤዲተሩንና የውዝዋዜ አሠልጣኙን ስም ከድምፃዊው ስም ጋር ያውጣ። ርዝመቱንና የሾቱን ቁጥር በስንኝና በአዝማች ለይቶ ያስቀምጥ። ቢያንስ አንድ ስንኝ መርጦ ሰሙን፣ ወርቁንና ምስሉን በሦስት መስመር ያሳይ። ይህ ሁሉ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ አሁን ለሙገሳ የምትሰጡት ቦታ ይበቃዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ጎንደር