የጤና ክበብ ዘንድሮ፦ ራሳችንንና ቤተሰባችንን ከፀሐይ ስንጠብቅ

"ለጥቁር ሰው ደሞ የምን ፀሐይ መከላከያ ነው?" ሲባልልን ነው የከረመው፣ ስለዚህ ከሱ ልጀምር። ለቆዳችን ጥቁረት የሚሰጠው ቀለም፣ ሜላኒን የሚባለው፣ ያግዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፣ ዓይንን ደሞ አያድንም፣ ለዓይን ሞራ አንዱ ምክንያት ይሄው የፀሐይ ጨረር ነው። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ነች፣ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ነን፣ በየ1,000 ሜትሩ ደሞ ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደመነ ማለት ጨረር የለም ማለት አይደለም፣ ደመናውን አልፎ ይመጣል።

ስብሰባዎቻችንን አድርገናል፣ ሚኒ ሚዲያ ላይም አቅርበናል፣ እሱን ልለፈው።

ጅማ አጠገብ ወዳለው ጅሬን የሄድንበትን ቀን ግን ሳልናገር አላልፍም። አልቢኒዝም ያለባት፣ ማለትም ከተፈጥሮዋ ሜላኒን የሚያንሳት፣ የ9ኛ ክፍል ልጅ አለችን፣ በስፖርት ሰዓት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነው የምትቀረው፣ ጉዞ ሲባልም "ቲቸር እኔ ይቅርብኝ" ነው መልሷ። ዘንድሮ ሰፋ ያለ ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌና ጃንጥላ አዘጋጅተንላት በጠዋት ወጣን። ወደ 5 ሰዓት ገደማ ልጆቹ አባ ጅፋር ቤተመንግስት ግቢ ውስጥ ፎቶ ሲነሱ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች፣ ከዛ ጮክ ብላ "ጥላችን ከቁመታችን አጥሯል፣ ሁላችሁም ወደ በረንዳው!" አለች። ጥላህ ካንተ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል ብለን ክፍል ውስጥ የተማርነውን እኮ ነው! ረባሾቹ ሳይቀሩ ተከትለዋት ገቡ። ዕድሜዋን ሙሉ "አንቺ ግቢ" ስትባል የኖረች ልጅ ሌላውን "ግቡ" ስትል ሳይ እንባዬ መጣ። በኋላ እናቷ መጥተው "ገበያ ስወጣ ያዘልኩትን ህፃን ሸፍኚው እያለች ታዘኛለች" ብለው አመሰገኑን።

ያልሆነልንም አለ። ለጥላ ብለን የተከልነውን ችግኝ አጥር ስላልነበረው ፍየል በላው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም (ኤስፒኤፍ 30፣ ቁጥሩ የመከላከል አቅሙን ነው የሚያሳየው) በየ2 ሰዓቱ መደገም አለበት፣ ዋጋው ደሞ የሚቀመስ አይደለም፣ ያለችንን ለልጅቷ ሰጥተን ሌሎቻችን በኮፍያና በጥላ ነው የዘለቅነው። ለማሊያ በየዓመቱ ብር ይገኛል፣ ለአንድ ልጅ ቆዳ ሲሆን ግን በጀት የለም ይባላል፣ ይሄ ልክ አይመስለኝም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ኮፍያ ግቢ ውስጥ ይፈቀድ፣ ሜዳው ዳር ዳስ የምንሰራበት ቆርቆሮና ለችግኙ አጥር የሚሆን እንጨት ያላችሁ ወላጆች ደሞ በምዝገባ ሰሞን ሳይንስ ክፍል ስላለሁ ብቅ በሉ።