ከደላላው በፊት መሐንዲስ ይግባ

ይድረስ ለበኩር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሽምብጥ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ስለ ድሮ ቤት ሽያጭ ነው። በሰፈራችን ወላጆች እያረፉ፣ ልጆች አዲስ አበባና ውጭ አገር እየቀሩ፣ የቤተሰብ ቤት በላይ በላዩ ይሸጣል። ሲሸጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚደወለው ለደላላ ነው። ደላላ አያስፈልግም አልልም። የእኛንም ቤት ከገዢው ጋር ያገናኘን ደላላ ነው። ግን መጨረሻ መጠራት ያለበት ሰው ቀድሞ እየተጠራ ወንድምና እህት ሲኳረፍ፣ ቤት ያለ ዋጋው ሲሄድ አይቻለሁ። እኛ በሌላ መንገድ ሸጥን። ለሌላው ቢጠቅም ብዬ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቤቱ የአባታችን ነው። አባታችን የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተቋቋመ ነው፤ በእሱ እንጀራ ያደግን የከተማዋ ልጆች ብዙ ነን። ቦታውን ያገኙት አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ ነው። የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኖ፣ አንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ያገኝ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። ቤቱም የዘመኑ ነው። ከሥር ጥቁር ድንጋይ፣ ከላይ ባሕር ዛፍና በጤፍ ጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ አቡጀዲ ኮርኒስ። ግቢው ማንጎ፣ ቡናና ጌሾ አለው። እማዬ እስክታርፍ ድረስ የኖረችው እዚያ ነው።

አምስት ልጆች ነን። እማዬ ካረፈች በኋላ ለመሸጥ ተስማማን፣ አሻሻጡ ላይ ግን ተለያየን። ጎንደር ያለው ወንድሜ "በሲሚንቶ እንለስነውና ቀለም እንቀባው፣ ዋጋው በእጥፍ ይጨምራል" አለ። ታናሹ "እንዳለ ይሸጥ፣ የሚገዛው ለቦታው ነው" አለ። ታናሽ እህቴ ናት "ከመጨቃጨቃችን በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው" ያለችው። እግዜር ይስጣት።

አንዲት ወጣት መሐንዲስ አገኘን። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች እስካሁን "ፖሊ" ከምንለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ግቢ የተመረቀች ናት። የመጣችው በነሐሴ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ሰዓት ነው። ሆን ብላ ነው። "ቤት ጉዱን የሚያወጣው በክረምት ነው፤ በጥር ብመጣ ሁሉም ደህና ይመስለኛል" አለችን። ከዚያ ካቻቢቴ ይዛ በየምሰሶው እግር ሥር ቁጢጥ እያለች ወጋ ወጋ ታደርግ ጀመር። ጠንካራው ካቻቢቴውን ይመልሳል። ምስጥ የበላው እንደ ቂጣ ይሸረፋል። ከጓዳ በኩል ሁለት ምሰሶዎች እግራቸው አልቆ ነበር። ውጭያቸው ግን ምንም አይልም።

ቀጥላ የሄደችው ወደ ቤቱ ጀርባ ነው። አሸንዳው ወድቆ የጣሪያው ውኃ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። ሰፈራችን ለሐይቁ ቅርብ ነው፤ አፈሩ ውኃ ይይዛል፣ እርጥበቱ አይለቅም። ምስጡንም ብስባሹንም የጠራው ይኸው ነው አለች። የጎንደሩ ወንድሜ ልስኑን ሲያነሳባት በፍጹም አለችው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ይለቃል። በሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ መውጫ ያጣና እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ልስኑም ከጭቃው ጋር አይያያዝም፣ ውሎ አድሮ እየተላቀቀ ይወድቃል። "ደግሞ ገዢ በድሮ ቤት ላይ አዲስ ልስን ሲያይ ምን ደብቀው ነው ይላል" አለችው። ወንድሜ ዝም አለ።

እንድናደርግ የነገረችን ትንሽ ነገር ነው። የሚያፈስሰውን ቆርቆሮ ቀይሩ። አሸንዳ ስቀሉ። ከጀርባ ቦይ ቆፍሩና ውኃውን ከግድግዳው አርቁት። የሁለቱን ምሰሶዎች እግር ቆርጣችሁ በድንጋይ ላይ አስቁሙ። የማድ ቤቱን የመብራት መስመር በኤሌክትሪሺያን አስቀይሩ፣ ሽፋኑ ተላልጧልና። ግድግዳውን በኖራ ቀቡት፣ በቃ። ከዚህ በላይ የምታወጡት ብር አይመለስላችሁም፤ ገዢው አፍርሶ ሊሠራ ይችላል።

የቀረውን ጉድለት በሙሉ ጻፈችው። ፎቶ ያለበት ሪፖርት ነው። የትኛው ግድግዳ ደህና ነው፣ የትኛው አይደለም፣ ኮርኒሱ ምን ያህል አርጅቷል፣ ሁሉም አለበት። ቤቱን ሊያይ ለመጣ ሁሉ ይህን ወረቀት ሰጠን።

ይህን ያልወደዱ ዘመዶች ነበሩን። አንድ አጎታችን "የወላጅ ቤት ነውር በአደባባይ አይነገርም" ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን የእማዬን ስም በክፉ የሚያስነሳው የተጻፈው ጉድለት ሳይሆን የተደበቀው ነው ብዬ አምናለሁ። ገዢው በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ቢናድበት ማንን ይረግማል? የተረጋገጠልንም ይህ ነው። ቤቱን የገዛው ሰው የራሱን መሐንዲስ ይዞ መጣ። የእሱ መሐንዲስ ሪፖርቱን እያነበበ ዞረ፣ ያልተጻፈ ነገር አላገኘም። ከዚያ በኋላ ገዢው ስለ ምሰሶ እያነሳ ዋጋ ያስቀንስ ዘንድ አልሞከረም። ጉድለቱ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ነበርና።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልግባ። ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ጠበቃችን መጀመሪያ የጠየቀን "ካርታው በማን ስም ነው?" ብሎ ነው። ካርታው በአባታችን ስም ነው። እሳቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ውርሳቸው ግን አልተጣራም ነበር። እማዬ እያለች ማን ያነሳዋል? እናት በሕይወት እያለች ስለ ውርስ ማውራት በእኛ አገር ደስ አይልም። ስለዚህ የሁለቱንም የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማውጣት ግድ ሆነ። መጀመሪያ የአባታችንን ድርሻ፣ ቀጥሎ የእማዬን። ይህ ሳያልቅ አምስታችን ተሰብስበን ብንፈርም እንኳ ቤቱ በገዢው ስም አይዞርም።

ጠበቃው "ቤት ስታጸዱ አንዲት ወረቀት እንዳትጥሉ" ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። የእማዬን ሳጥን ስንከፍት የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ ደረሰኞች ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ በቀይ ክር ታስረው ተገኙ። በይዞታው ላይ ለተነሳብን ጥያቄ ሁሉ መልስ የሆኑት እነዚያ ደረሰኞች ናቸው። የእናቶቻችሁን ሳጥን በጥድፊያ አታራግፉ።

አሜሪካ ያለው ወንድማችን ውክልና ላከ። በኤምባሲ የተሠራ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ ነው። ጠበቃው አንብቦ መለሰው። ውክልናው "ንብረቴን ያስተዳድሩልኝ" ይላል፣ "ይሽጡልኝ" አይልም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወንድሜ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ሌላ ከተማ ድረስ ሄዶ እንደገና አሠራው። ውጭ አገር ልጅ ያላችሁ ይህን አሁኑኑ ንገሩት።

ደግሞ ብዙ ሻጭ የማይናገረው ነገር አለ። የእኛ ቦታ ነባር ይዞታ ነው፣ ከሊዝ በፊት የተያዘ ማለት ነው። በሊዝ አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት፣ ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ እንዳለ ይቀጥላል። በሽያጭ ሲተላለፍ ግን አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ ነው። ይህ ለገዢው ተጨማሪ ወጪ ነው። ጠበቃው ገና በመጀመሪያው ቀን እንድንነግራቸው መከረን፣ ነገርን። ሰምተው የሄዱ ነበሩ። ቢሄዱ ይሻላል፣ ውሉ መሀል ላይ ከሚፈርስ።

ቀያሽም አስጠራን። አጥራችን ካርታው ላይ ካለው ሰፍቶ ተገኘ። እማዬና ጎረቤታችን ጋሼ በመካከላቸው ያለችውን የውኃ መውረጃ ተስማምተው ወደ እኛ አጥረዋት ነበር። በሁለቱ መካከል ፍቅር ነው፣ ለገዢና ለጎረቤት ግን ክስ ይሆናል። ከጋሼ ጋር ቡና ጠጥተን ተነጋገርንና አጥሩን ወደ ካርታው መለስነው። በዚያው ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሄደን ፕላኑ በቦታው ላይ ምን እንደሚል ጠየቅን። መንገድ በሚሰፋበትና የኮሪደር ልማት በሚካሄድበት በዚህ ጊዜ ሳይጠይቁ መሸጥም መግዛትም አደጋ ነው።

ወረቀቱ ገና እየተጣራ ሳለ አንድ ደላላ ገንዘብ የያዘ ሰው አመጣ። "ቀብድ ተቀበሉና ወረቀቱ ይደርሳል" አለን። ታናሽ ወንድሜ ልቡ ተነሳ፤ ቤተሰብ አለው፣ ቸግሮታል፣ አልፈርድበትም። ጠበቃው ነው የመለሰው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። የወራሽነቱ ጉዳይ ቢጓተትብን ከየት አምጥተን ነበር እጥፍ የምንከፍለው? ሕጉ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ምስክር አስፈርሞ ቀብድ መቀበል ልማድ ስለሆነ ብቻ ደህና የሚመስላቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል።

እዚያው ደላላ ላይ ሌላም ነገር አየን። ለእኛ አንድ ዋጋ፣ ለገዢ ሌላ ዋጋ ይናገራል። "ለእናንተ ይህን ያህል ላስገባ፣ ከዚያ በላይ የመጣው የኔ ነው" የሚባለው አሠራር ነው። ይህ እንደ ደንብ መቆጠሩ ልክ አይደለም። ሻጩም ገዢውም ያልተስማሙበት ገንዘብ ነው የሚወሰደው። ወረቀቱ ሁሉ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ሌላ ደላላ ጠራንና በጽሑፍ ተዋዋልን። ዋጋው አንድ ነው፣ ለሁሉም የሚነገር። የእሱ ድርሻ በመቶኛ ተጽፏል፣ በላዩ የሚጨመር የለም። ሰውየው ደስ ብሎት ፈረመ፣ ደክሞ ሠራ፣ ደመወዙን በሐቅ ወሰደ። እንዲህ ያሉ ደላሎች አሉ፤ የሚያሠራቸው ሰው ያጣሉ እንጂ።

ስለ ግምቱ በአጭሩ ልናገር። ለባንክ የሚገምት ባለሙያ አየልን። የባንክ ግምት ለብድር እንደሆነና ገበያውን የሚናገረው በሰፈሩ በቅርቡ የተሸጠው ቤት መሆኑን አስረዳን። ውል ላይ ዋጋ አሳንሰን እንድንጽፍ የለመነን ገዢ ነበር። እምቢ አልን። ግብር መደበቅ ነው፣ አንደኛ። ሁለተኛ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው የሚያነበው የተጻፈውን ነው። የቴምብር ቀረጡን፣ የስም ማዛወሪያውንና ሌላውን ክፍያ ማን እንደሚችል በውሉ ለየብቻ ጻፍን። ገንዘቡም በባንክ ገባ፣ በየድርሻችን፣ በየሒሳባችን።

ለመሐንዲሷ፣ ለቀያሹ፣ ለገማቹና ለጠበቃው የከፈልነው ተደምሮ ለደላላው ከከፈልነው ያንሳል። ሰው "ባለሙያ ውድ ነው" ሲለኝ ይህን ነው የምመልሰው። አምስታችንም ዛሬ በእማዬ ተዝካር አንድ ማዕድ ላይ እንቀመጣለን። ይህን ከዋጋው አስበልጣለሁ።

ለሚመለከታቸው ሦስት ልመና አለኝ። ከተማ አስተዳደሩ የውርስ ቤት ለመሸጥ የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች በሙሉ በአንድ ወረቀት ጽፎ በየክፍለ ከተማው ይለጥፍልን፤ እኛ አንዱን ይዘን ስንሄድ ሌላው ጎደለ እየተባልን ተመላልሰናል። የፖሊ ምሩቃን ደግሞ ተደራጅተው የድሮ ጭቃ ቤት መፈተሽን እንደ ሥራ ይያዙት፤ የሚከፍል ሰው አለ። ጋዜጣችሁም የሕግ ባለሙያ ጋብዞ ስለ ወራሽነት፣ ስለ ልዩ ውክልናና ስለ ቀብድ አንባቢ ለሚጠይቀው መልስ ቢያሰጥ ትልቅ ውለታ ነው።

የመሐንዲሷን ሪፖርት ቅጂ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። እሷም አምስታችንም ፈቅደናል። ስማችንንና የቤት ቁጥሩን ሰርዛችሁ ለአንባቢ ብታወጡት ደስ ይለናል።

ከሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሽምብጥ