የድጋፍ ጥሪ፦ የሐዋሳ ሐይቅ ዕለታዊ የወፍ ቆጠራ እንዳይቋረጥ

የተከበራችሁ የሐዋሳ ነዋሪዎች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ የከተማዋ ልጆች፣

ጎህ ሲቀድ ከአሞራ ገደል ተነስተን በሐይቁ ዳር እስከ ፍቅር ሐይቅ ወፍ የምንቆጥር በጎ ፈቃደኞች ነን። መንገዳችንና ሰዓታችን አይለወጥም። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ቁጥራቸውን ያስተያያሉ። አድካሚው አሞራ ገደል ነው። አስጋሪዎቹ የቆሮሶና የአምባዛ ሆድ ዕቃ በወረወሩ ቁጥር አባ ኮዳዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ይሻማሉ፤ የተቆጠረው ካልተቆጠረው ይቀላቀልና እንደገና ከአንድ እንጀምራለን። ደብተሩ የሚሞላው በእርሳስ ነው፤ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈስሳል።

«ጥር ላይ ይቆጠር የለ፣ በየቀኑ ምን ያደርጋል?» የሚሉን አሉ። በየዓመቱ በጥር በብዙ አገሮች የሚካሄደው የውሃ አእዋፍ ቆጠራ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የቆጠረ ሰው፣ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው በስምጥ ሸለቆ የሚወርዱት እንግዶች መቼ ደረሱ፣ መቼስ ተመለሱ ቢባል መልስ የለውም። ሐይቃችን ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይዞት የሚገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ዓሣው ሲመናመን ወይም ቄጠማው ሲመነጠር በዚያ የሚኖሩ ወፎች ይነግሩናል፤ የሚሰማቸው ግን የትናንቱን የጻፈ ነው። ስለዚህ ያልታየ ወፍም «ዜሮ» ተብሎ ይመዘገባል።

በስኮትላንድ ፌር አይል ደሴት ከ1948 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወፍ ምልከታ ጣቢያ አለ። የቀኑ መዝገብ የሚጠናቀረው ማታ ማታ ነው። በመጋቢት 2019 (እ.ኤ.አ.) ሕንፃው በእሳት ወደመ፤ የወፎቹ መዝገብ ግን አስቀድሞ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ ስለነበር ተረፈ። የእኛ ደብተሮች ቅጂ የላቸውም። ይህ እንቅልፍ ይነሳል።

የምንጠይቀው ይህ ነው፦ ያገለገለም ቢሆን ደህና የርቀት መነጽር፣ ባለ ሦስት እግር ቴሌስኮፕ፣ ደብተሮቹን የምንገለብጥበት ኮምፒውተር፣ ከዳር የማይታየውን ረግረግ ለመቁጠር የጀልባ ኪራይ። ባነርና ቲሸርት አንፈልግም፤ ቀይ ቲሸርት ለብሶ ወፍ የሚጠጋ የለም።

ገንዘብ ወጪ የሚሆነው በሦስት ሰዎች ፊርማ ሲሆን፣ ገቢና ወጪው በየወሩ መጨረሻ ለለጋሾች ይነበባል። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን በአካል መጥታችሁ ከቆጣሪዎቹ ተቀበሉ፤ ጠዋት 12 ሰዓት አሞራ ገደል አንጠፋም። በስማችን በስልክ ገንዘብ የሚጠይቅ ቢኖር እኛ አይደለንም።

ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ይስጠን። እሁድ ጠዋት አብዛኞቻችን ቤተ ክርስቲያን ስለምንሆን ቆጣሪ ያንሰናል። ወፍ መለየት ባትችሉም ግድ የለም፣ እናስተምራለን፤ ማልዶ መነሳትን ግን ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።