ቀለበቱን ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ?

ባለፈው ስንጻጻፍ ልጄ ገና አልተወለደችም ነበር። አሁን አፏን ፈትታ ትከራከረኛለች። ብዙ ጊዜ ተጠፋፋን። ትናንት የድምፅ መልእክትህን ስሰማ ግን ዕንባዬ መጣ። ልታገባ ነው! ሥራ ላይ ባልሆን እልል እል ነበር።

«የዳይመንድ ቀለበት ልገዛላት ነው፤ አንቺ ጌጣጌጥ ሱቅ ነሽና ምን ልምረጥ?» ብለሃል። ይሄ በስልክ አያልቅም፤ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ «የሁለት ወር ደሞዝ ማውጣት አለብኝ» ያልከውን እርሳው። ሕግም ባህልም አይደለም። ደ ቢርስ የተባለው የዳይመንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በማስታወቂያ ያስለመደው ነው። ትዳራችሁ በክሬዲት ካርድ ዕዳ እንዲጀመር አልፈልግም። አቅምህን ወስን፣ ከዚያ አትለፍ።

ሰው ሁሉ «አንድ ካራት» ይላል። አንድ ካራት 0.2 ግራም ናት፤ ዋጋው ግን እዚያች ቁጥር ላይ ሲደርስ ይዘላል። ክብ ሆኖ የተቆረጠ 1 ካራት ስፋቱ 6.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 0.90 ደግሞ ወደ 6.2 ነው። ጣት ላይ ሆኖ ያን ልዩነት በዓይኑ የሚለይ ደንበኛ አላየሁም። የተረፈህን ገንዘብ አቆራረጡ ላይ አውለው። ድንጋዩን የሚያበራው እሱ ነው። በደንብ ካልተቆረጠ የገባው ብርሃን በታችና በጎን ሾልኮ ይጠፋል፤ የቱን ያህል ትልቅ ቢሆን ፈዛዛ ነው። ከመሬት የወጣ ክብ ድንጋይ ከመረጥክ ጂአይኤ (ዳይመንድ መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ ተቋም) በሚያወጣለት ሪፖርት ላይ አቆራረጡ «ኤክሰለንት» የሚል ይሁን። በዚህ አልደራደርም።

የቀለሙ ደረጃ ቀለም ከሌለው ከዲ ጀምሮ ወደ ቢጫነት እያደላ እስከ ዜድ ይወርዳል። ለነጭ ወርቅ ጂ ወይም ኤች በቂ ነው፤ በቢጫ ወርቅ ላይ ጄ እንኳ ያምራል። እንከኑን በተመለከተ ቪኤስ2 የሚባለውን የጥራት ደረጃ ካገኘህ ይበቃሃል። በማጉያ ካልሆነ በዓይን የሚታይ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የለውም።

አሁን ወደ እጇ ልምጣ፤ ዋናው እሱ ነው። ነርስ ናት ብለሃል። ነርስ ቀኑን ሙሉ ጓንት ታጠልቃለች፣ ታወልቃለች፣ እጇን ትታጠባለች። ድንጋዩን ከፍ አድርገው የሚይዙት ቀጫጭን የወርቅ ጥፍሮች ጓንቱን ይይዛሉ፣ ይቀድዳሉ። እነሱም በጊዜ ብዛት ይላላሉ። አንድ ቀን ድንጋዩ ወልቆ ይጠፋል። ስለዚህ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ምረጥላት። ዙሪያውን በወርቅ የታቀፈ ቢሆን ደግሞ እሰየው። ዳይመንድ በጥንካሬው አንደኛ ነው ሲባል ከሌላ ዳይመንድ በቀር የሚጭረው የለም ማለት ነው እንጂ፣ በኃይል ከተመታ ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል። መታቀፉ ለዚያም ይጠቅማል።

የደላንታ ኦፓል፣ ያንን ኅብረ ቀለም ያለውን የከበረ ድንጋይ፣ ብገዛላትስ ያልከውን በጣም ወደድኩት፤ የእናቷ አገር ወሎ ነው አይደል? ለዕለት ቀለበት ግን አይሆንም። ከዳይመንድ በጣም ይለሰልሳል። የወሎ ኦፓል ደግሞ ውኃ ይመጥጣል፤ ሲርስ ያ ውብ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ የሚመለሰው ሲደርቅ ነው። እሷ በቀን ስንት ጊዜ ትታጠባለች? ለአንገቷ አድርግላትና ለሠርጉ ትልበሰው።

ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራውስ? እሱም እውነተኛ ዳይመንድ ነው፤ በዓይን አትለየውም። ዋጋው ከመሬት ከወጣው እጅግ ይቀንሳል። ልሽጠው ብትል ግን ብዙ አታገኝበትም። ከመሬት የወጣውም ቢሆን ሲመለስ የገዛህበትን አያወጣም። እኔ ብሆን የላብራቶሪውን እገዛለሁ፤ የቀረውን ገንዘብ ለቤት አስቀምጣለሁ። ይህን ግን ብቻህን አትወስን፣ ጠይቃት። ከመሬት የወጣ ነው ብላ አስባ ኋላ ብታውቅ ቅር ይላታል፤ የምትለብሰው እሷ ናት። ከጠየቅሃት ድንገት ልታስደስታት ያሰብከው ይበላሻል ብለህ አትፍራ። ቀኑን ደብቅ፣ ድንጋዩን ግን አትደብቅ።

የጣቷን ልክ ለማወቅ ይህ ቀለበት በሚጠለቅበት ጣቷ አሁን የምታደርገውን ቀለበት ወስደህ አስለካ። በሌላ ጣቷ የምታደርገውን አይደለም። ካልሆነ ማታ ማታ ትለካ፤ ጠዋት ጣት ቀጠን ይላል።

ስትገዛ ሻጩን ማጉያ ስጠኝ በለው። በድንጋዩ ወገብ (ዙሪያውን ባለው ቀጭን ጠርዝ) ላይ በሌዘር የተጻፈ ቁጥር ካለ ከሪፖርቱ ቁጥር ጋር አስተያየው። ማጉያ መስጠት ቅር የሚለው ሻጭ ካጋጠመህ ተነስተህ ውጣ።

ከመክፈልህ በፊት ሪፖርቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አየዋለሁ። ሽማግሌ የሚላክበትን ቀን ቶሎ ንገረኝ። ዳላስ መምጣቴ አይቀርም፣ ፈረቃዬን አስቀድሜ ልቀይር። እሷንም ከአሁኑ ሰላም በልልኝ።

እህትህ
ከቨርጂኒያ